የማህሌት ዝምታና የአካላ ወፎች

ከዝዋይ የወጣነው ከምሳ በኋላ ነው። ሰው ስለ ስደቱ ሲያወራ በጨለማ ተነሥቼ፣ በሌሊት ተሰናብቼ ይላል። የእኛ ግን ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሚኒባሱ ደጃፋችን ላይ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እያየን ነበር። አባቴ ቦሌ ድረስ አልመጣም። "አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ በመስታወት ልይሽ? እዚሁ ልሳማችሁና ወደ ሥራዬ ልሂድ" አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሐይቁን ጀልባዎች ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እውነትም ስሞን ሲያበቃ ወደ ሥራው ሄደ። ዞር ብሎ አላየንም። እኔ ግን ጀርባውን አየሁት፤ የሚያለቅስ ሰው ጀርባ ነበር።

ማህሌት ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ስለ እሷ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ወሬኛ ነበረች። ከእንቅልፏ ስትነሣ ዓይኗን ከመግለጧ በፊት አፏ ይከፈት ነበር። ከአያቷ ጋር ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ፣ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች የሚጥሉትን ትርፍራፊ ለመሻማት የሚጋፉትን ራሰ በራ ትላልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ እያየች ቀኑን ሙሉ ትጠይቀዋለች። "አባባ፣ ይሄ ራሰ በራው ሱፍ ለብሶ ለምንድን ነው የሚለምነው?" እሱም ብሎን እያጠበቀ "ጡረታው አልበቃው ብሎ ነው" ይላታል። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሞጆ እያለቀሰች፣ እያለቀሰችም እያወራች ነበር የሄደችው።

ባለቤቴ ደረጀ ከእኛ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው ስዊድን የገባው። ልጁን ትቷት ሲሄድ ገና መናገር መጀመሯ ነበር፤ የሚያውቃት በስልክ ነው። እኛን የሚያስመጣበት ፈቃድ እስኪያገኝ ስንት ወረቀት፣ ስንት ቀጠሮ እንዳለፈ መዘርዘር አልፈልግም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። አርላንዳ፣ የስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ፣ ስንደርስ ኅዳር ወር ነበር። ደረጀ ሦስት ጃኬት ይዞ ጠበቀን። ማህሌት ቀና ብላ አይታው "ከስልኩ ውስጥ ያለው አንተ ነህ?" አለችው። እሱም እያለቀሰ ሳቀ። እስቲ ልብ በሉ፤ እንደ ድሮው ስታወራ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት በዚያ ሰሞን ነው።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? እዚህ አገር በዚያ ወራት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንገዱ መብራት ይበራል። ፀሐይ ትወጣለች ይባላል እንጂ ወጣች ማለት ይከብዳል፤ ብቅ ብላ ይቅርታ ጠይቃ የምትመለስ እንግዳ ናት። ዝዋይ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ ቡና ይፈላል፤ አካላ በምትባለው ሰፈራችን ግን ሰው ደረጃ ላይ ስታገኙት ቁልፉን ያያል። ቤቱ የራሳችን አይደለም፤ አንድራሃንድ ነው፣ ከተከራይ ላይ የተከራየነው። የተከራየችው ሴት ኡላ ትባላለች፤ እሷ ራሷ ሶለንቱና በሚባል ሌላ ሰፈር ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ነው የምትኖረው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥታ ወጥ ቤቱን አሸተተች። አፍንጫዋን ይዛ ሳይሆን፣ እንደ ሐኪም በጥሞና አሸተተች።

"ሽንኩርት ነው?" አለች።

"ሽንኩርት ነው" አላት ደረጀ።

"ሁልጊዜ ነው?"

ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "ሁልጊዜ ነው ወይ ትላለች" አለኝ። "ሞተንም ቢሆን በተዝካራችን ይቁላላል በላት" አልኩት። እሱ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ እሷ ግን "ብራ" ብላ ሄደች። ጥሩ ማለት ነው።

ማህሌት ትምህርት ቤት ገባች፤ ገብታም ዝም አለች። መጀመሪያ ቋንቋው ነው አልን። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር መጣ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ከዚያ ዝምታው ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ። ራት ላይ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች። አባቴ ሲደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች ብቻ። "አለች?" ይለኛል አባቴ። "አለች፣ እየሰማችህ ነው" እለዋለሁ። ያቺ ወሬኛ ልጅ! በቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ "ልጅሽ እንደዚህ ዝም ካለች ሶሻል መጥቶ ይጠይቃችኋል፣ ተጠንቀቂ" አለችኝ። ልጅ ከወላጁ የሚወስደውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደጃፉ ደወል ሲጮኽ በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳላይ አልከፍትም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ጠራን። የጠራችን ኩራቶር የምትባል የልጆችን ነገር የምትከታተል ሴት ናት፤ ልስልስ ያለ ድምፅ አላት። አስተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ከበስተኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

"ቤት ውስጥ የምትፈራው ሰው አለ?" አለች ኩራቶሯ።

ከፍርሃቴ ብዛት አፌ አመለጠኝ መሰለኝ፣ "አዎ፣ የቤት አከራያችንን" አልኩ።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሴትዮዋ ጻፈችው! ደረጀ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። "ቀልዷን ነው በላት" ሲል፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው "እናትየዋ ቀልዷን ነው፣ ቆይ ይቅርታ፣ ልጄን ላንሣ" አለ። ኩራቶሯ ስቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ጊዜ እንስጣት፤ የምትወደው ነገር ካለ እሱን ፈልጉላት" አለች። የፈራሁት ነገር አልደረሰም፤ ደግ ሰው ነበረች። የምትወደውን ነገር ግን ከየት ላምጣ? የምትወደው ነገር ዝዋይ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ብሎን እያጠበቀ ነው።

አንድ ቀን ግን በረንዳው ላይ የተረፈ ሩዝ ስትበትን አየኋት። በማግስቱ ድንቢጦች መጡ፣ ከድንቢጦቹ ጋር ደረታቸው ቢጫ የሆነ ሌሎች መጡ። በመስኮቱ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ደስ ብሎኝ ከሱቅ በሞራ የተጋገረ የወፍ ጥራጥሬ ገዛሁላት፤ እዚህ አገር ለወፍ እንደዚህ ያለ ስንቅ ይሸጣል። ሳምንት አልሞላም፣ ኡላ መጣች።

"ወፍ አላችሁ?"

"የለንም" አላት ደረጀ።

"ጎረቤት ሠላሳ ወፍ አየሁ ብሎ አመልክቷል። ፍርፋሪው አይጥ ያመጣል። ኮንትራክቱ ላይ ያለው ሦስት ሰው ነው።"

"የእኛ አይደሉም። መጥተው ይሄዳሉ።"

"ታዲያ የማን ናቸው?"

"የእግዚአብሔር ናቸው በላት" አልኩት በአማርኛ።

ደረጀ ሳያየኝ "እሱም ኮንትራክቱ ላይ ስሙ የለም" አለኝ።

ሳቅን እንጂ የሳቅነው ከአንገት በላይ ነው። ኮንትራክቱን ካልጠበቅን ከቤቱ እንደምታስወጣን በግልጽ ነግራን ሄደች። በረንዳውን ጠረግሁ። ማህሌት ስጠርግ ቆማ አየችኝ፤ አላለቀሰችም፣ ገብታ ተኛች። ያ ነው ይበልጥ የጎዳኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ምድር ቤት ካለው ትቬትስቱጋ፣ ከሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ልብስ ሳወጣ አንድ ሽማግሌ ቅርጫት ይዘው ገቡ። አንገታቸው ላይ ሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። በስዊድንኛ ይሄ ሰዓት የእኔ ነው አሉኝ። ለካ ሰዓቴ አልፎ ኖሯል። ደንግጬ "ወይኔ ጉዴ!" ስል ፊታቸው ተለወጠ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ በአማርኛ።

"የደረጀ ሚስት ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወይንሸት እባላለሁ።"

"ወፍ የምትጠራዋ ልጅ የናንተ ናት?"

ደሜ ፈላ። "ያመለከቱብን እርስዎ ነዎት?"

"እኔ? ኧረ በወንጌል! እኔማ ከታች ሆኜ ስቆጥርላችሁ ነበር። ሠላሳ አይሞሉም፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።"

ጋሽ ክፍሌ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ እዚህ አውቶቡስ እየነዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማሽኑ እስኪጨርስ የማህሌትን ነገር ነገርኳቸው። ምክር አልሰጡኝም። ፈጣሪ ያውቃል፣ ያልፋል፣ አላሉኝም። "ነገ ወፍራም ካልሲ አልብሰሽ አምጫት" ብቻ አሉ።

መጀመሪያ የወሰዱን መሀል ከተማ ነው። ስቶክሆልም የተሠራችው ትልቁ ሐይቅ ወደ ባሕር በሚፈስበት ጉሮሮ ላይ ነው፤ ኖርስትረም ይሉታል። ሌላው ውኃ ሁሉ በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ ሲሄድ፣ ይሄ ግን ከፍጥነቱ የተነሣ አይረጋም። ስለዚህ የሰሜኑ ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ወይ ጉድ! በቤተ መንግሥቱ ሥር፣ ሰው በሚተላለፍበት ድልድይ ሥር፣ ከዝይ የሚበልጡ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች፣ ጉትያ ያላቸው ዳክዬዎች፣ ጠልቀው ዓሣ ይዘው የሚወጡ መንቁራቸው ቀይ የሆነ ሌሎች። ጋሽ ክፍሌ እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል፤ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንደበረረ። በረዶው ጠርዝ ላይ አንድ ትልቅ ንስር ቆሞ ነበር። "የዝዋዩ ንስር ነጩ ጭንቅላቱ ነው፤ የእነዚህ ግን ጅራታቸው ነው" አሉ ለማህሌት። ቀና ብላ አየቻቸው። ዝዋይን ማወቃቸው ገረማት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሆነ። አንድ ቀን የአካላ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጣቢያ ፊት ለፊት ያሉት ቀያይ ፍሬ ያንጠለጠሉ ዛፎች በወፍ ተወረው አገኘናቸው። ጉትያቸው ቆሞ፣ ጅራታቸው ጫፉ በቢጫ የተነከረ፣ ላባቸው ሐር የመሰለ። ፍሬው ቆይቶ ስለሚቦካ አንዳንዶቹ ይሰክራሉ አሉን ጋሽ ክፍሌ፤ እውነትም አንዱ ቅርንጫፍ ስቶ በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ቀሚስ ለብሳ ሠርግ የሄደች የሰከረች አክስት! ሳቅሁ። ከመጣሁ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ራሴ በዚያ ወር ሳላስበው ብርዱን መራገም ረስቼ ነበር። ጠዋት ስነሣ ሰማዩን አያለሁ፤ ንፋሱ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። ይሄ አገር ዝም ያለ የመሰለኝ ማዳመጥ ስለማላውቅ ኖሯል።

የካቲት ላይ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አሥራ አራት በሆነበት ጠዋት፣ ከቤታችን በእግር ወደሚደረስበት ጅረት ወሰዱን። ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኟ በረዶ፣ መሀሏ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይፈስሳል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እግሬ የእኔ መሆኑን ረሳሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። "ጋሽ ክፍሌ፣ ልጅቱ ትታመምብኛለች" አልኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ያኔ ነው ዜማው የመጣው። ከውኃው ድምፅ ጋር የተደባለቀ፣ ፈጣን፣ የሚንቆረቆር ዜማ። አንድ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ወፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጉልበቱን እያጠፈ ብድግ ቁጭ እያለ፣ በዚያ ብርድ ይዘፍናል! ከመንቁሩ እንፋሎት ሲወጣ አይቻለሁ። ከዚያ ዘፈኑን አቋረጠና ምንም እንዳልሆነ ሰው እየተራመደ በእግሩ ውኃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ደረቱ፣ ከዚያ ራሱ ጠፋ።

"ሰጠመ!"

የጮኸችው ማህሌት ናት። "ሰጠመ! ጋሽ ክፍሌ ሰጠመ! አውጡት!" ብላ ወደ ጅረቱ ስትሮጥ ጃኬቷን ይዤ አስቀረኋት። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል፤ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ በር። ወፉ እልፍ ብሎ፣ በረዶው ጠርዝ ላይ፣ ትል ይዞ ብቅ አለ። አራገፈው፣ ዋጠው፣ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ።

"አይሰጥምም" አሏት ጋሽ ክፍሌ፣ እሳቸውም ድምፃቸው ልክ አልነበረም። "ስትረምስታሬ ይባላል። ከውኃው በታች በእግሩ ይሄዳል። የመጣው ከሰሜን፣ ከኖርዌይ ተራራ ነው። ለእሱ ይሄ ሞቃት አገር ነው።"

"ይሄ?" አለች ማህሌት።

"ይሄ።"

"ማን ነገረው?"

ሁለት ጥያቄ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። እኔ በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ክፍሌ እኔን ላለማየት መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። በኋላ ስንመለስ ማህሌት ወደፊት ስትሮጥ እንዲህ አሉኝ፦ "የመጀመሪያው ዓመት ላይ እዚህ ጅረት ዳር የመጣሁት ለእግር ጉዞ አልነበረም፤ ኑሮ መርሮኝ ነበር። ያ ወፍ ሲዘፍን ሰማሁና አፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።" 

ቤት ውስጥ ቃል በቃል ተመለሰችልን። ትምህርት ቤት ግን እንዳለች ቆየች። መጋቢት መግቢያ ላይ መምህሯ ደወለች። ምን አጠፋች አልኩ። መምህሯ ልጆቹን ይዛ ወደዚያው ጅረት ሄዳ ኖሯል። ድንጋይ ላይ የቆመ ጥቁር ወፍ አይታ "ልጆች፣ እዩ፣ ኮልትራስት!" አለች፤ ያ እዚህ ሰፈሩን የሞላ ሌላ ጥቁር ወፍ ነው። ያኔ ከኋላ አንድ ያልሰሙት ድምፅ፣ ጥርት ባለ ስዊድንኛ፣ "ኔይ። ስትረምስታሬ" አለ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። መምህሯ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ልጄ በዚህ አገር የመጀመሪያ ቃሏ "አይደለም" ሆነ፤ ያውም አስተማሪዋን ለማረም! ለደረጀ ስነግረው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈረ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን አንኳኳ።

ኡላ ኮንትራክቱን አላደሰችልንም። ስለ ወፉ ነው ወይስ ስለ ሽንኩርቱ፣ አልነገረችንም። አሁን የምንኖረው በቀዩ የባቡር መስመር መጨረሻ፣ ኖርስቦሪ ነው፤ ከጋሽ ክፍሌ ጋር ከተማው ሙሉ በመሀላችን ነው። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በብርዱ ወራት ኖርስትረም ድልድይ ላይ እንገናኛለን። ማህሌት መነጽሩን ይዛ ያየችውን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች። አዎ፣ በስዊድንኛ። አሥር ዓመት ሞልቷታል፤ የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ከአፏ የሚወጣው ግን የነሱ ቋንቋ ነው። ዝም ብላኝ በነበረበት ጊዜ የፈለገችውን ቋንቋ ትናገር እንጂ ብዬ ተስዬ ነበር። ስለቴ ደረሰ። ማማረር አይገባኝም፤ አንዳንዴ ግን አማርራለሁ።

ባለፈው እሑድ አባቴ ደወለ። ማህሌት ስልኩን ነጥቃኝ፣ ንስሩ ከዳክዬዎቹ መሀል አንዱን ለመያዝ ሲወርድ፣ ቁራዎቹ ሲያባርሩት፣ ሁሉንም እየተጣደፈች ነገረችው። ሩብ ሰዓት። አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም፤ "አባባ" ከምትለው በቀር። እሱ አላቋረጣትም። "እሺ" ይላል፣ "እህ" ይላል። ስትጨርስ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ገባህ አባዬ?"

"ምኑ ይገባኛል!" አለ። ይስቃል፤ ሳቁ ግን እንደ ድሮው አልረዘመም። "ብቻ ስታወራ ሰማኋት። መቼ ነው የምትመጡት?"

"በክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ።"

"የናንተ ክረምት ነው የእኛ?" አለኝ።

የእሱ ክረምት ዝናቡ ነው፣ የዚህ አገር ክረምት በረዶው። ማህሌት እጄን ትጎትታለች፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ስለሆነ የእሱን ድምፅ አልሰማችም። "ቫ ሳ ሀን?" አለችኝ፤ ምን አለ ማለቷ ነው። ሁለቱም እኔን ይጠብቁ ነበር።